ኮምፒዩተር ምንድን ነው? ለእኛስ ምን ይበጃል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



በዛሬው በዓል ላይ ስለ ኮምፒዩተር ጥቂት ቃል እንድናሰማ በመታዘዛችን ታላቅ ደስታ ተሰምቶናል። ደስታው ግን ከፍርሃት ጋር ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህን ጥበብ ከእኛ አብልጠው የሚያውቁ መምህራን አሉ፤ በሌላው ወገን ደግሞ ኮምፒዩተር በእጃቸው ነክተው የማያውቁ አባቶችና እናቶች አሉ። ሁለቱንም ወገን እኩል ደስ ማሰኘት እንደማይቻል እናውቃለን። ስለዚህ ንግግራችንን ወደ ሁለተኞቹ አዘንብለነዋል፤ መምህሮቻችን ስሕተት ያገኙብን እንደሆነ ከንግግሩ በኋላ ያርሙን።

መጀመሪያ አንድ ያየነውን ነገር እንንገራችሁ። ባለፈው የዘር ወራት ከመካከላችን ሁለታችን አንድ የጎረቤት አባት ወረቀታቸውን እንድናነብላቸው ለምነውን ወደ አንድ ባንክ አብረናቸው ሄድን። እኚህ አባት ስንዴያቸውን ሸጠው ያስቀመጡትን ገንዘብ ለማዳበሪያ ሊያወጡ ከገጠር በማለዳ ተነሥተው የመጡ ናቸው። ከመስኮቱ ኋላ የተቀመጠው ወጣት «አባባ፥ ሲስተም የለም» አላቸው። እሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ልጄ፥ ገንዘቤን ሲስተም ወሰደው ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። በዚያ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሣቀ፤ እኛም ሣቅን። ነገር ግን በባጃጅ ስንመለስ ወደ እኛ ዞር ብለው «እናንተ ተማሪዎች ናችሁ፤ ለመሆኑ ሲስተም የሚሉት ምንድን ነው?» ባሉን ጊዜ ሁለታችንም እርስ በርሳችን ተያየን። አሥራ ሁለት ዓመት ስንማር ኖረን በቅጡ ልንመልስላቸው አልቻልንም። ያን ዕለት ያፈርነው ኀፍረት ይህን ንግግር አጽፎናል፤ ከመሐል ስንደርስ መልሱን እንሰጣለን።

ኮምፒዩተር መኪና ነው። ከሌላው መኪና የሚለየው በምን እንደሆነ ለማስረዳት ወደ ወፍጮ ቤት እንሂድ። ወፍጮ ስንዴ ይቀበላል፥ ይፈጫል፥ ዱቄት ይሰጣል፤ ዛሬም ነገም ሥራው ያው መፍጨት ነው። ውኃ ሳብ ቢሉት አይስብም። ኮምፒዩተርም እንዲሁ የሚቀበለው፥ የሚያሰላበት፥ የሚሰጥበት ክፍል አለው። ልዩነቱ የሚሠራው ሥራ በብረቱ ላይ ተቀርጾ አለመቅረቱ ነው። ሥራው እንደ ደብዳቤ ተጽፎ ይሰጠዋል። ደብዳቤውን ስትለውጡለት ሥራው ይለወጣል፤ ጧት የደመወዝ ሒሳብ ይሠራ የነበረው ከሰዓት በኋላ ደብዳቤ ይጽፋል፥ ማታ ፊልም ያሳያል። ያ የትእዛዝ ደብዳቤ ፕሮግራም ይባላል። ይህን አንድ ነገር የያዘ ሰው የኮምፒዩተርን ትምህርት ግማሹን ይዟል ለማለት እንደፍራለን።

የሚቀመጠውና የሚሰላው ነገር ሁሉ፥ ፊደልም ይሁን ሥዕል፥ ዘፈንም ይሁን ገንዘብ፥ በመኪናው ውስጥ ቍጥር ሆኖ ነው የሚኖረው። ቍጥሩም እንደኛ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉትን ምልክቶች አይጠቀምም፤ ዜሮና አንድ ብቻ ናቸው ያሉት። ምክንያቱ ቀላል ነው። መብራት ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል፤ በሮቤ ይህን የማያውቅ ሰው የለም። የበራው አንድ፥ የጠፋው ዜሮ ይባል። አንድ አምፖል ሁለት ነገር ሊናገር ይችላል፤ ሁለት አምፖል አራት፤ ሦስት አምፖል ስምንት፤ ስምንት አምፖል 256። እንዲህ እያለ በጥቂት ማብሪያ ብዙ ነገር ይነገራል።

ይህ ስሌት ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ነገር እንዳይመስላችሁ አንድ ምሳሌ እንጨምር። በብዙ የውጭ አገር የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዛት» ተብሎ የሚጠራ ስልት አለ። የጥንት ግብፃውያንም ይህን የሚመስል ስልት በብራና መሰል ወረቀታቸው ላይ ጽፈው አቆይተውልናል። ማባዛት ሳያስፈልግ እጥፍ ማድረግና ግማሽ ማድረግ ብቻ የሚያውቅ ሰው ማንኛውንም ቍጥር ያባዛበታል። 13 በግ እያንዳንዱ በ24 ብር (ይህ ዋጋ ያለፈ ዘመን ነው፤ ለምሳሌ ብቻ ነው) ቢሸጥ ስንት ይሆናል? በግራ 13ን እየከፈላችሁ፥ ትርፉን እየጣላችሁ ጻፉ፤ 13፥ 6፥ 3፥ 1። በቀኝ 24ን እያጠፋችሁ ጻፉ፤ 24፥ 48፥ 96፥ 192። በግራ ሙሉ ቍጥሩ ለሁለት እኩል የሚከፈል የሆነበትን መስመር ሠርዙ፤ ይኸውም የ6 መስመር ነው፥ ከርሱ ጋር 48 ይወጣል። የቀሩትን ደምሩ፤ 24ና 96ና 192፥ ድምሩ 312። እውነተኛው መልስ ይኸው ነው። አሁን የቀረውን መስመር አንድ፥ የተሠረዘውን ዜሮ ብላችሁ ከታች ወደ ላይ አንብቡት፤ 1101 ይላል። ይህም በኮምፒዩተሩ ቋንቋ 13 ማለት ነው! መምህራችን ይህን በሰሌዳ ላይ ባሳዩን ቀን ክፍሉ በሙሉ ዝም አለ፤ እንዲህ ያለ ዝምታ በእኛ ክፍል እምብዛም አይሰማም።

የኮምፒዩተርን ታሪክ በሙሉ ለመናገር ጊዜ የለንምና ዋና ዋናውን ብቻ እናነሣለን። በዘጠነኛው መቶ ዘመን በባግዳድ የኖረው ሊቅ አልኸዋሪዝሚ ስሙ ተለውጦ «አልጎሪዝም» የሚለው ቃል ሆኗል፤ ትርጕሙም ደረጃ በደረጃ የሚሄድ የሥራ መንገድ ነው። በፈረንሳይ አገር ዣካር የተባለው ሰው በ1804 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በተበሱ ካርዶች እየታዘዘ ጥለት የሚያወጣ የሽመና መኪና ሠራ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅ ያንን የካርድ ሐሳብ ወስዶ ማንኛውንም ስሌት የሚሠራ የጥርሳ ጥርስ መኪና ነደፈ፤ ሳይጨርሰውም ሞተ። በ1843 አዳ ላቭሌስ የምትባል እመቤት ስለዚህ ስላልተሠራ መኪና ማብራሪያ ጽፋ፥ በርሱም ውስጥ አንድ ከባድ ስሌት በምን ቅደም ተከተል እንዲሠራበት ዘርዝራ አሳየች። እኅቶቻችን ይህን እንድታስታውሱልን እንለምናለን፤ ስለርሱ በኋላ የምንለው አለን።

በ1946 በአሜሪካ አገር ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ የሚባለው ኮምፒዩተር 18,000 ገደማ የብርጭቆ ቱቦዎች ነበሩት፤ ክብደቱም ወደ 30 ቶን ይደርስ ነበር፤ 300 ኩንታል ስንዴ ማለት ነው። በቱቦው ፋንታ የሚገባው ትራንዚስተር በ1947 ተፈለሰፈ፤ ከዚያም ብዙ ትራንዚስተር በአንድ ቁራጭ ሲሊኮን ላይ ማተም ተቻለ፤ በ1971 ኢንቴል የተባለው ኩባንያ 2,300 ትራንዚስተር በጥፍር በምታክል ቁራጭ ላይ አድርጎ ሸጠ። ዛሬ በአባቶቻችን ኪስ ባለው ዘመናዊ ስልክ ውስጥ ያለችው ቁራጭ ትራንዚስተሮቿ በቢሊዮን ይቈጠራሉ። እንግዲህ ኮምፒዩተር የለኝም የሚል ወላጅ ካለ ኪሱን ይፈትሽ።

አሁን ወደ ራሳችን ፊደል እንምጣ፤ ይህን ክፍል ከሁሉ አብልጠን የምንወደው ነው።

ከእኛ አንዳንዶቻችን ፊደል የቈጠርነው በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ በጽሕፈት ቤቱ መስኮት አጠገብ አንድ አሮጌ የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ነበረ፤ ሲመታ ድምፁ እንደ በረዶ በቆርቆሮ ላይ ነበር። ለላቲን ፊደል የተሠራ መኪና ቁልፉ ከሃምሳ አይበልጥም፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ሠላሳ ሦስቱ በሰባት ሲባዛ 231 ነው፥ ዲቃሎቹ ሳይቈጠሩ። እነ ኢንጂነር አያና ብሩ ይህን ችግር ተጋፍጠው ነው የአማርኛውን የጽሕፈት መኪና ያስገኙልን። መላው ፊደል ስለማይገባ ግን እግሩና ክንዱ ለብቻ እየተመታ ይቀጠል ነበር፤ የተጻፈውም ደብዳቤ አንዳንድ ጊዜ ፊደሉ የተሰበረ እጅ ያለው ይመስላል። «ፊደላችን ለመኪና በዝቷልና ይቀነስ» የሚል ክርክር በሊቃውንቱ ዘንድ የተነሣው በዚህ ምክንያት ነበረ።

ኮምፒዩተር ሲመጣ ክርክሩ ፈረሰ። ለመኪናው ፊደል ቍጥር ነውና 26ም ሆነ 300 ግድ የለውም። ሌላ ችግር ግን መጣ። በ1980ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአሜሪካ የነበሩ እንደ ፍስሓ አጥላውና እንደ ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ ኢትዮጵያውያን ፊደላችንን ወደ ኮምፒዩተር አስገቡ፤ ሌሎችም ተከተሉ፤ ሁሉም ግን ለፊደላቱ የየራሱን ቍጥር ሰጠ። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ሆነ። አንድ መንደር ሁለት ዓይነት ቍና ይዞ ገበያ እንደ ወጣ ማለት ነው። መድኃኒቱ የዓለም ፊደላት ሁሉ የተስማሙበት አንድ የቍጥር መዝገብ ነበር፤ ስሙም ዩኒኮድ ይባላል። በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በወጣው በሦስተኛው እትሙ የግዕዝ ፊደል ቦታውን አገኘ። ሀ 4608 ቍጥር ሆነች። ከዚያ በኋላ ያሉት በየተራቸው ተደረደሩ።

እስቲ የከተማችንን ስም እንጻፍ። ሮ 4654 ነው፤ ቤ 4708 ነው። እንግዲህ ኮምፒዩተር ሮቤን የሚያውቀው 4654፥ 4708 ብሎ ነው። ጎባን ደግሞ 4878፥ 4707 ይላታል። የጎባ ልጆች ሆይ፥ ቍጥራችሁ በመጀመሪያው ፊደል ከእኛ እንደሚበልጥ አይተናል፤ ከፍታችሁም ይበልጣል፤ አንከራከርም። 4654ን በዜሮና በአንድ ብትጽፉት 1001000101110 ይሆናል። እርሳስ ያለው ተማሪ ቤቱ ሲገባ አስልቶ ይመልከተው።

ይህ ቍጥር በኪሳችሁ ገንዘብ ውስጥም ገብቷል። አንድ የስልክ መልእክት፥ ኤስኤምኤስ የምንለው፥ 140 የስምንት ስምንት አምፖል ቦታ አለው፤ በጠቅላላው 1,120 አምፖል። የላቲን ፊደል በመልእክቱ ላይ 7 አምፖል ይበቃዋል፤ 1,120 ለ7 ሲካፈል 160 ፊደል። የእኛ ፊደል 16 ይፈልጋል፤ 1,120 ለ16 ሲካፈል 70 ፊደል ብቻ። በአማርኛ የጻፍነው መልእክት ቶሎ ሁለት ሆኖ ሁለት ሒሳብ የሚቈረጥብን ለዚህ ነው። በዚህ ምክንያት ፊደላችን ተበደለ የሚሉ አሉ። እኛ ግን ከክፍላችን ጓደኞች ጋር ፈትነነዋል፤ ኦሮምኛ በቁቤ ሮቤን ሲጽፍ ስድስት ፊደል ይወስድበታል፥ ስድስት በሰባት 42 ነው፤ በግዕዝ ፊደል ሁለት ይበቃል፥ ሁለት በአሥራ ስድስት 32 ነው። አንዱ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም አንድ ላይ ይዞ ስለሚሄድ ነው። በዚህ ውጤት አንዱ ወገን በሌላው ላይ እንዳይኰራ ደግሞ ሌላ ቃል ብንወስድ ሊገለበጥ እንደሚችል ለመናገር እንወዳለን። በክፍላችን ሁለቱንም እንጽፋለን።

አሁን ቃል የገባነውን መልስ እንስጥ። አባታችን ዛሬ እዚህ ተገኝተው እንደሆነ እናምናለን።

አባባ፥ ገንዘብዎን ሲስተም አልወሰደውም። በድሮ ጊዜ ባንኩ ስምዎን የጻፈበት ትልቅ መዝገብ በዚያው ቤት ነበረ። አሁን መዝገቡ በአዲስ አበባ በሚገኝ ትልቅ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው፤ የሮቤውም የጎባውም የጅማውም ቅርንጫፍ የሚያነበው ያንኑ አንድ መዝገብ ነው። ወጣቱ የእርስዎን ቍጥር ሲጽፍ ጥያቄው በመስመር ሄዶ «እኚህ ሰው ስንት አላቸው?» ይላል፤ መልሱም ተመልሶ ይመጣል፤ ሁሉም ነገር ደኅና ሲሆን አንዲት ሴኮንድ አይፈጅም። መስመሩ ከተቈረጠ፥ ወይም መብራት ከጠፋ፥ ወይም ያ ትልቁ ኮምፒዩተር ከታመመ፥ ወጣቱ ብሩ በመሳቢያው ውስጥ አለ፤ የእርስዎ መሆኑን ግን የሚነግረው የለም። ብሩ አለ፥ ዕውቀቱ የለም። ያ ዕውቀት ነው መረጃ የሚባለው፤ መዝገቡና መስመሩ ከሚያነቡት መኪናዎች ጋር አንድ ላይ ሲስተም ይባላሉ። መዝገቡ በአንድ ቦታ መሆኑ ጥቅም አለው፤ በሮቤ ያስቀመጡትን በሻሸመኔ ያወጣሉ፤ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በቴሌብር ቤትዎ ተቀምጠው ይልካሉ። ጕዳቱን ደግሞ ያን ዕለት በዓይንዎ አይተውታል።

በኮምፒዩተሮች መካከል የሚሄደው መስመር ኢንተርኔት የሚባለው ነው። በ1969 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጥቅምት መጨረሻ በካሊፎርኒያ በሁለት ኮምፒዩተሮች መካከል የመጀመሪያው መልእክት ሲላክ አምስት ፊደል ካለው ቃል ሁለቱ ብቻ እንደ ደረሱ መኪናው ተሰናከለ። ስለዚህ ኔትወርክ መቈራረጥ በባሌ አልተጀመረም! ወደ አገራችን ኢንተርኔት ለሕዝብ የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ታላላቅ ወንድሞቻችን በ1990ዎቹ መጨረሻ በየክፍሉ በተተከለው ፕላዝማ ከሳተላይት ትምህርት ተምረዋል፤ አስተማሪው ከቴሌቪዥኑ ሆኖ በእንግሊዝኛ ይሮጣል፥ ተማሪው ጥያቄ ቢኖረውም እጁን አውጥቶ ሊያስቆመው አይችልም ነበር ብለው ይነግሩናል። በእኛ አስተያየት ከዚህ የምንማረው መኪናው ክፉ ስለ ነበረ ሳይሆን መልስ የማይቀበል በመሆኑ ነው።

ገበሬዎች ወላጆቻችን «ይህ ሁሉ ለስንዴያችን ምን አደረገ?» ትሉ ይሆናል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ 8028 የሚባል የስልክ ቍጥር ተከፍቶ ገበሬው በአማርኛም በኦሮምኛም በትግርኛም ደውሎ ስለ እርሻ ምክር እንዲሰማ ሆኗል። ቍጥር ተጫኑ የሚለው ድምፅ ሰው አይደለም፤ ኮምፒዩተር ነው። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ በጆሮው ኮምፒዩተር ሊጠቀም እንደሚችል ያሳያልና ይህን ነገር እናመሰግናለን።

ነገር ግን ስለ ባሌ ከሰማነው ሁሉ ያስደነቀን የቀይ ቀበሮ ታሪክ ነው። ሁላችሁም በሳነቴ ላይ አይታችሁታል፤ በዓለም ላይ የቀሩት ጥቂት መቶዎች ብቻ ሲሆኑ ከግማሽ የሚበልጡት በእኛ ተራራ ይኖራሉ። በ2003 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የእብድ ውሻ በሽታ ከውሾች ወደ ቀበሮዎቹ ተላልፎ በዌብ ሸለቆ ብዙውን ጨረሳቸው። ሁሉንም ይዞ መከተብ አይቻልም፤ ቀበሮ ጠርተውት የሚመጣ ከብት አይደለም። ታዲያ ስንቱን ብንከትብ ይበቃል? ተመራማሪዎቹ ለብዙ ዓመታት በማስታወሻ ደብተር የጻፉትን፥ የትኛው ቀበሮ በየትኛው መንጋ እንዳለ፥ መንጋው ከመንጋ ምን ያህል እንደሚገናኝ፥ ወደ ኮምፒዩተር አስገቡ። ከዚያም በሽታውን በመኪናው ውስጥ ደጋግመው ለቀቁት። በመኪናው ውስጥ ብዙ ቀበሮ ሞተ፥ በሳነቴ ላይ ግን አንድም አልሞተም። በ2006 ባወጡት ጥናት ከግማሽ ያነሱትን ብቻ፥ ይልቁንም ሸለቆውን ከሸለቆ በሚያገናኘው ጠባብ መተላለፊያ ያሉትን፥ መከተብ ታላቁን እልቂት ሊገታ እንደሚችል አሳዩ። በ2018 ደግሞ ክትባቱን በምግብ ውስጥ አድርጎ ማብላት በባሌ ተጀመረ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እናያለን። አንደኛው፥ ኮምፒዩተር ያልደረሰውን ነገር ቀድሞ ለመሞከር እንደሚረዳ ነው። ሁለተኛው፥ ከዲንሾ በፈረስ እየወጡ በብርድ ቀበሮ የቈጠሩት ሰዎች ባይኖሩ መኪናው የሚያሰላው ባልነበረው ነው። ስሕተት የገባበት ስሕተት ያወጣል። አሁን በየስልኩ የገባውና ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው፥ ለጥያቄ ሁሉ መልስ አለኝ የሚለው ፕሮግራም፥ በዚሁ ሕግ ሥር ነው። ሰዎች ከጻፉት ብዙ ጽሑፍ ተምሮ ይናገራል። በእንግሊዝኛ ብዙ ስለ ተጻፈ በእንግሊዝኛ ብልህ ነው፤ በአማርኛና በኦሮምኛ የተጻፈው ጥቂት ስለሆነ በእነዚህ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ሲሳሳትም አያፍርም። የቤት ሥራውን በርሱ ያሠራ ጓደኛችን መምህሩ ፊት ቆሞ አንድ መስመር ማስረዳት ሲሳነው አይተናል፤ ማንነቱን አንናገርም፥ እርሱ ግን አሁን እየሣቀ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንመጣለን። ከበዓሉ ደስታ ጋር የማይስማማ ቢሆን ይቅርታ እንጠይቃለን።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ጀመረ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከተፈታኞቹ ከፊሎቹ በወረቀት ፋንታ በኮምፒዩተር ተፈተኑ፤ በሚቀጥለው ዓመትም የነዚህ ቍጥር ጨመረ። ለውጡ ያለ ምክንያት አልመጣም። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የፈተናው ወረቀት ፎቶ ተነሥቶ በኢንተርኔት ስለ ተበተነ ፈተናው ተሠርዞ ነበር፤ በተከታዩ ዓመት በፈተናው ሰሞን ኢንተርኔት በአገሩ ሁሉ ተዘጋ። የተማረውም ያልተማረውም በአንድ ሌባ ምክንያት ተቀጣ። ስለዚህ ፈተናው በኮምፒዩተር መሆኑን አንቃወምም።

ነገር ግን እውነቱን እንናገር። ከመካከላችን በሕይወቱ ኪቦርድ የነካው አሥር ጊዜ የማይሞላ ተማሪ አለ። ከአንድ ስሙን ከማንጠራው ትምህርት ቤት የመጡ ጓደኞቻችን እንደ ነገሩን ኮምፒዩተሮቹ እንዳይበላሹ ተብሎ ጨርቅ ለብሰው፥ ክፍሉ ተቈልፎ፥ ዓመቱ አለቀ። መኪና ሳይሠሩበት ከሚያረጅ ተሠርቶበት ቢሰበር ይሻላል፤ ቢያንስ መጠገን እንማርበታለን። ክፍሉ በተከፈተበትም ቢሆን በአንዱ ኮምፒዩተር ፊት አምስትና ስድስት ሆነን እንቀመጣለን። ማውሱን የሚይዘው ሁልጊዜ አንዱ ደፋር ወንድ ልጅ ነው፤ ሴቶቹ ከኋላ ቆመው በትከሻ በኩል ይመለከታሉ። ቤት ሲገቡም ወንድሙ ስልክ ይዞ ኢንተርኔት ይከፍታል፤ እኅቱ ውኃ ትቀዳለች። እናቶቻችን ሆይ፥ ፈተናው ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

ከመካከላችን አንዷ ለልምምድ ስትፈተን የሆነውን ስሙ። ብዙ ጥያቄ ሠርታ ሳለ መብራት ጠፋ፤ ተመልሶ ሲመጣ አንድም መልስ አልቀረላትም። አለቀሰች። ሒሳቡን ከሁላችን አብልጣ የምታውቅ እርሷ ነበረች። በኋላ ምክንያቱን ተረዳን። ኮምፒዩተር ሁለት ዓይነት ማስታወሻ አለው። አንደኛው እንደ ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ ፈጣን ነው፥ ሥራው ሁሉ በርሱ ላይ ይሠራል፥ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ግን ወዲያው ይጠፋል። ሁለተኛው እንደ ደብተር ነው፤ ቀስ ይላል፥ ነገር ግን መብራት ቢጠፋም ያቆያል። «ሴቭ አድርግ» ማለት ከሰሌዳው ወደ ደብተሩ ገልብጥ ማለት ነው። ይህን አስቀድሞ የነገራት አልነበረም። የዕውቀት ማነስ አላስለቀሳትም፤ የሁለት ደቂቃ ትምህርት ነበር የጐደላት።

ስለዚህ ርእሰ መምህራችንን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት የምንለምነው አለን፤ በግል ብንለምን ይረሳ ይሆናል ብለን ነው። የኮምፒዩተሩ ክፍል ቅዳሜ ከጧቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ይከፈትልን። ቁልፉን እኛ በተራ እንቀበላለን፤ ስማችንን እንፈርማለን፤ የተበላሸ ቢኖር እንጠየቃለን። የመጀመሪያው ሰዓት ለሴቶች ልጆች ብቻ ይሁን። ወንዶቹ በዚህ ላይ ለሁለት ቀን ተከራክረን በድምፅ ብልጫ ወስነናል፤ ውሳኔው ያለፈው በሦስት ድምፅ ብቻ መሆኑንም አንደብቅም። ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ልጆች ማስተማሩን የኛ ክፍል ይወስዳል። በከተማችን የሚገኘው የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በአጠገባችን አለ፤ ከተማሪዎቹ መካከል ለዕረፍቱ ቀን መጥቶ የሚረዳን ቢገኝ ሻይ እኛ እንጋብዛለን።

ወላጆቻችን፥ ከዚህ ስትወጡ በግራ በኩል ያለው ክፍል ዛሬ ክፍት ነው። ስማችሁን ንገሩን፥ በፊደል ጽፈን፥ ከሥሩ ቍጥሩን አድርገን፥ በወረቀት አትመን እንሰጣችኋለን። መብራቱ ከጠፋ ደግሞ ጠመኔ አዘጋጅተናል፤ ስማችሁን በሰሌዳው ላይ በእጃችን እናሰላዋለን፤ ጥቂት ብቻ ትጠብቁናላችሁ።